«ማራኪ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ የምንነጋገረው ዘወትር ስለምንሰማው አንድ ቃል ነው። ቃሉም «ማራኪ» የሚለው ነው።

እስቲ ከሥሩ እንነሣ። «ማረከ» ማለት በጦርነት ጊዜ ሰውን ወይም መሣሪያን በኃይል ያዘ ማለት ነው። የያዘው «ማራኪ»፣ የተያዘው ሰው «ምርኮኛ»፣ የተገኘው ነገር «ምርኮ» ይባላል። ይህን የጦር ሜዳ ቃል ለዓይን ደስታም እንጠቀምበታለን። አንድ ነገር ዓይናችንን ይዞ አልለቅ ሲለን «ማራኪ ነው» እንላለን።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ክረምት ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ውሃው ከ40 ሜትር ከሚበልጥ ገደል ሲወረወር፣ ጢስ የመሰለው እንፋሎት ሲነሣ፣ መንገደኛው ጉዳዩን ረስቶ ይቆማል። ተማረከ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ከ«ቆንጆ» ጋር አናምታታው። ቆንጆ የሚናገረው ስለ ነገሩ ነው፤ ማራኪ ግን ነገሩ በተመልካቹ ላይ ስለሚያደርገው ነው። «ቆንጆ ቡና ጠጣን» ብንል ያስኬዳል፤ «ማራኪ ቡና ጠጣን» ብንል ግን ሰሚው ይስቃል።

ይህ ቃል ከመልክ አልፎ ማስታወቂያ ላይም ወጥቷል። «ማራኪ ደመወዝ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እናያለን። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመሄድ የሚያስቡ ልጆቻችንም ያነቡታል። እዚህ ላይ የቃሉን ሥር እናስታውስ፤ ማራኪ ባለበት ምርኮኛ አለ። ደመወዙ ስንት ነው? በቀን ስንት ሰዓት ያሠራል? ውሉ የተጻፈው በምንረዳው ቋንቋ ነው? ፓስፖርቱስ በማን እጅ ይቆያል? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ወረቀቱ ለዓይን ብቻ ያማረ ነው። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይባል የለ?

ፊደል የቆጠርነው የተጻፈውን ለመድገም ብቻ አይደለም፤ ለመጠየቅም ነው። ፏፏቴ ቢማርከን ደስ ብሎን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ወረቀት ሲማርከን ግን ከመፈረማችን በፊት ደግመን እናንብበው።