«ነገም ሌላ ቀን ነው» በመጽሐፍና በሲኒማ



የንግግሬ ርእስ፥ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1936 ያሳተመችው የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ ነው። ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሱት አቶ ነቢይ መኰንን ሲሆኑ፥ የተረጐሙትም በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፉ ነው። ወረቀቱ እየተደበቀ ከእስር ቤት ወጥቶ፥ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እንግዲህ እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን ለማንበብ ብንሰንፍ ምን ይባላል!

ሲኒማው የወጣው በ1939 ነው። አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቢቀረውም፥ ከሺህ ገጽ የሚበልጠውን መጽሐፍ ሊይዘው አልቻለም። በመጽሐፉ ስካርሌት ከሦስት ባሎች ሦስት ልጆች ትወልዳለች፤ በሲኒማው የቀረችው ቦኒ ብቻ ናት። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በመጽሐፉ ስካርሌት የፊተኞቹን ሁለት ልጆች ችላ ስትላቸው እናዝንባታለን፤ እነርሱ ሲሰረዙ ጥፋቷም አብሮ ተሰረዘ። ደራሲዋ ገና ከጅምሩ ቆንጆ አይደለችም ያለቻትንም ሴት ቪቪያን ሊን የመሰለች ቆንጆ ተጫወተቻት።

ሲኒማው የሚበልጥበት ቦታ እንዳለ አልክድም። በአትላንታ ባቡር ጣቢያ ቍስለኞች መሬቱን ሞልተውት ይታያሉ። ከሰዎቹ መካከል አሻንጉሊቶችም ተጋድመው ነበር፤ ዓይን ግን አይለያቸውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በላስታ ምድር ሲያልፍ ያየ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ስካርሌት ከማሳ የነቀለችውን ሥራ ሥር ጐርሳ ዳግመኛ እንደማትራብ ስትምልም፥ 1977ን የሚያስታውሱ እናቶቻችን አስተርጓሚ አያሻቸውም።

ነገር ግን ይህ ታሪክ የባሪያ አሳዳሪዎችን ኑሮ ያሞግሳል። መጽሐፉ ጥቁሮችን ያሸበረውን ኩ ክሉክስ ክላንን በስሙ ጠርቶ ያመሰግነዋል፤ የስካርሌት ሁለተኛ ባል ፍራንክ ኬኔዲም የሞተው ከዚያ ማኅበር ጋር ዘምቶ ነው። ሲኒማው ስሙን ትቶ ነገሩን የፖለቲካ ስብሰባ አስመሰለው። ተሻሻለ የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ አልስማማም፤ መጽሐፉ ክፉውን በስሙ ስለሚጠራው ልንከራከረው እንችላለን፤ ሲኒማው ግን ስሙን ደብቆ ሰዎቹን ያስወድደናል።

በሲኒማው ሞግዚቲቱን ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር የተባለውን ሽልማት በማግኘት ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። ሆኖም ፊልሙ በአትላንታ ሲመረቅ በዘር ልዩነት ሕግ ምክንያት አልተገኘችም፤ በተሸለመችበት ምሽትም የተቀመጠችው ከባልደረቦቿ ተለይታ በዳር ጠረጴዛ ነበር።

መጽሐፉን የምታነቡ ጓደኞቼ፥ ማሚ በምትናገርበት ገጽ ላይ ዝግ በሉ። «ማሚ» የሥራዋ መጠሪያ ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም እስከ መጨረሻው ገጽ ፈልጌ አላገኘሁትም።