«የተጠቃሚ ስሕተት» በፈቃድ ማመልከቻ ውስጥ



አንዲት ነርስ በኢንፊውዥን ፓምፕ ላይ 10 ቁጥርን ትጫናለች፤ መሣሪያው ግን ዜሮዋን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ 100 ይመዘግባል። መድኃኒቱም በዐሥር እጥፍ ፍጥነት ወደ ሕመምተኛው ደም ሥር ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 የፓምፖችን ጉድለት ሲዘረዝር ከጠቀሳቸው ብልሽቶች አንዱ ይኸው ነው። ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት 56,000 ያህል ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ አምራቾችም 87 ጊዜ ፓምፖችን ለመሰብሰብ ወይም ለማረም ተገድደዋል። መሥሪያ ቤቱ እንደገለጸው፣ የተጠቃሚ ስሕተት የሚባል ነገር ባይጠፋም፣ ከደረሱት ጉዳቶች ብዙዎቹ የመነጩት ከመሣሪያው ንድፍ ነበር።

እንግዲህ አምራቹ ለፈቃድ በሚያቀርበው ሰነድ ውስጥ ስለ ተጠቃሚው ምን መጻፍ ይገባዋል? ይኸው መሥሪያ ቤት በየካቲት 2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ስሕተት ቢፈጸምባቸው ከባድ ጉዳት የሚያስከትሉ ተግባሮች ተለይተው፣ እውነተኛውን ሥራ በሚመስል ሁኔታ ይፈተናሉ። ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ወገን ቢያንስ 15 ሰዎች ይሳተፋሉ፤ የኩባንያው ሠራተኞች ግን ተፈታኝ አይሆኑም። 15 የሚለው ቁጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ፎክነር የተባለች ተመራማሪ በ2003 ባሳተመችው ጥናት 5 ተፈታኞች አንዳንድ ጊዜ ከችግሮቹ 55 በመቶውን ብቻ ሲያሳዩ፣ 15 ሰዎች ግን ከ90 በመቶ ያላነሰውን አውጥተዋል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ራሱ አታላይ ነው። ከ15 ሰዎች 14ቱ የአድሬናሊን መርፌውን በትክክል ወጉ፣ አንዱ ገልብጦ ይዞ የገዛ አውራ ጣቱን ወጋ እንበል። «93 በመቶ ተሳክቷል» ብሎ የሚዘጋ ሰነድ ምንም አልተናገረም። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ያ አንድ ሰው ምን እንዳየ፣ የትኛውን ጫፍ መርፌ መስሎት እንደ ያዘ፣ የክዳኑ ቀለም አሳስቶት እንደ ሆነ ነው። ሰውየው ከሙከራው በኋላ ተጠይቆ የሰጠው መልስ ከሰንጠረዡ ሁሉ ይበልጣል። ለጥቂት ያመለጡ ስሕተቶችም እንዲሁ መጻፍ አለባቸው። «ተፈታኙ ጥንቃቄ ጎድሎት ነው» የሚለው ሐረግ በየሰነዱ መደጋገሙ ያሳዝናል፤ ጥንቃቄ የጎደለው ሰው በየሆስፒታሉ አለና፣ በተለይም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ንድፉ ከተለወጠም የተለወጠው ክፍል እንደገና መፈተን ይኖርበታል።

ሌላም አንድ ነጥብ አለ። የአሜሪካው መመሪያ ተፈታኞቹ የዚያው አገር ነዋሪዎች እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ የሕክምናው አሠራርና ቋንቋው ከአገር አገር ይለያያልና። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ትክክል በመሆኑም ያው መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ማስረጃው የሌላ አገር ነርስ ማስረጃ ሆኖ ይገኛል። የ2015ቱ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኢ.ሲ. 62366-1፣ አምራቹ ተጠቃሚውንና የሥራ ቦታውን በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዝዛል። ግዢውን የሚያጣራ ባለሙያ ቀድሞ መግለጥ ያለበት ይህን ገጽ ነው። በገጹ የተገለጸው ተጠቃሚ በፓምፑ ላይ የሠለጠነ፣ መመሪያውን በእንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ሕመምተኞቹም ጥቂት የሆኑለት ነርስ ከሆነ፣ መሣሪያው የሚገባበት ክፍል ግን እንዲህ ካልሆነ፣ ትእዛዙ ከመፈረሙ በፊት አንድ ፓምፕ ወደዚያው ክፍል ተወስዶ፣ ከሕመምተኛ ጋር ሳይያያዝ፣ የሌሊት ተረኞቹ መጠኑን እንዲሞሉ ማድረግና አጠገባቸው ቆሞ ያለ እርዳታ መመልከት ይቻላል።