ስለ ዔሊ አስተዳደግ የተደረገ ንግግር



በግቢያችን የምናሳድጋትን ዔሊ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እኛ የጠቀምናት መስሎን በካርቶን ዘግተን ዳቦና እንጀራ ስናበላት ከረምን። የጀርባዋም ድንጋይ መለስለስ ጀመረ።

የዔሊ ድንጋይ እንደ ልብስ የሚወልቅ አይደለም፤ ከጀርባና ከጐን አጥንቷ ጋራ የተያያዘ ሕያው አጥንት ነው። አጥንትም ያለ ካልሲየም አይጠናም። ካልሲየሙ ከሰውነት እንዲዋሐድ የሚረዳው ቫይታሚን ዲ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ይገኛል።

ይህን ከተረዳን በኋላ ሣርና ቅጠል፥ ንጹሕ ውሃ፥ ፀሐይና ጥላ ያለበት ቦታ ሰጠናት። የለሰለሰው ጠነከረ፤ ጐርብጦ ያደገው ግን አልተቃናም።

ደኅና የተያዘች ዔሊ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን እንሄዳለን፤ እርሷ ግን ከእናንተ ጋራ ትቀራለች። ታናናሾቻችን ሆይ፥ ዳቦ አታጉርሷት፤ አደራ!