ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ሳምንታት
(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ስለ ውፍረት፣ ስለ ጨጓራ ቀዶ ሕክምናና ስለ ደም መርጋት የቀረበ ንግግር)



የንግግሬን ርእስ ለአዘጋጅ ኮሚቴው ስሰጥ አንዱ ወዳጄ ሳቅ አለና «ለወሎ ሰው ስለ ውፍረት ልታወራ ነው?» አለኝ። ቀልድ ብቻ አይደለም። እኔ የተወለድኩት ግራና ነው። በሀብሩ የ66ቱና የ77ቱ ረሃብ ዛሬም ዘመን መቁጠሪያ ናቸው። በእኛ ቤት «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ምርቃት ነው፤ «ከሳህ» ማለት ደግሞ «ምን ነካህ?» ነው። ካየነው መከራ የመጣ አነጋገር ስለሆነ አልነቅፈውም። ግን ጊዜው ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን ከመጠን በላይ የወፈሩት 3 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2016 ወደ 8 በመቶ ደረሱ። በዚያው በ2016 ከመጠን በላይ የከሱት 22 በመቶ ነበሩ። ሁለቱ ችግሮች ባንድ አገር፣ አንዳንዴም ባንድ ቤት ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ውፍረትን ከደም መርጋት ጋር ምን አገናኘው? ደም መርጋት በራሱ ጠላት አይደለም። ባይረጋ ኖሮ ማጭድ ጣቱን የቆረጠው ገበሬ ሁሉ ደሙ ፈስሶ ያልቅ ነበር። ችግሩ ያለ ቦታው ሲረጋ ነው። በጀርመናዊው ሐኪም በፊርሾ ስም የሚጠሩ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ የደሙ ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥሩ ግድግዳ መጎዳት፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት መቸኮሉ። ከባድ ውፍረት ሦስቱንም ይነካል።

የመስኖ ቦይ ጠርጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። ውሃው ሲዘገይ ደለሉ ይተኛል። ትልቅ ሆድ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይጫነዋል፤ ሰውየውም እንቅስቃሴው ስለሚቀንስ ባቱ ደሙን ወደ ላይ አይገፋውም። ይህ የሚታየው ነው። የማይታየው ይበልጣል። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አይደለም፤ እንደ እጢ ይሠራል። የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ የማያቋርጥ ብግነት ያነሣል፣ ጉበትም ፊብሪኖጅን የሚባለውን የመርጊያ ፕሮቲን አብዝቶ እንዲሠራ ያደርጋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፒ.ኤ.አይ.-1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሰውነታችን የረጋን ደም የሚያሟሟበት የራሱ ጠራጊ አለው፤ ፒ.ኤ.አይ.-1 የዚያን ጠራጊ እጅ የሚይዝ ነው። ወፍራም ሰው ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን ይበዛል። ቦዩ ላይ ደለል ጨምረህ ዶማውን ደበቅኸው ማለት ነው። ስለዚህ በወፈረ ሰው ላይ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት፣ ተነቅሎም ወደ ሳንባ የመሄድ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው ልምጣ። ጨጓራን አሳጥሮ ከአንጀት ጋር በሌላ መንገድ ማገናኘት እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተጀመረ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከጨጓራው ሦስት አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ማውጣት ነው። በአገራችን ገና ብዙ አልተስፋፋም። አቅም ያለው ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሕንድ ይሄዳል፤ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም እዚያው ይሠራላቸዋል። ሥራው ጥቅም እንዳለው አልጠራጠርም። በስዊድን ከ1987 ጀምሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውንና ያልተደረገላቸውን አራት ሺህ ያህል ሰዎች ለዓመታት ተከታትለዋል፤ በተሠራላቸው ላይ ሞት ቀንሷል፣ በልብ ድካምና በስትሮክ መሞትም እንዲሁ። የደሙ ጠባይም ይለወጣል። ኪሎው ሲወርድ ፒ.ኤ.አይ.-1 ይወርዳል፣ ብግነቱ ይበርዳል፣ ፊብሪኖጅንም ቀስ ብሎ በወራት ውስጥ ይቀንሳል። ዓመት ሲሞላ የሰውየው ደም ከበፊቱ ይልቅ ለመርጋት የማይቸኩል ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። «ቀዶ ሕክምናው የደም መርጋትን ይቀንሳል» የሚለውን ይሰማና ከሆስፒታል በወጣ ማግስት የቀነሰለት ይመስለዋል። የለም! በመጀመሪያ ይጨምራል። ቢላዋ የነካው ሰውነት ለመርጋት ይዘጋጃል፤ ፊብሪኖጅን ከመውረዱ በፊት ከፍ ይላል። ሰውየው ይተኛል፣ ውሃ አይጠጣም፣ ኪሎው ደግሞ ገና አልወረደም። የድሮው አደጋ ሳይሄድ አዲሱ ተደረበበት። ደም የሚረጋባቸው ሰዎች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ቢሆንም ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰው ከሚሞትባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። አብዛኛውም የሚደርሰው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም፤ ቤት ከተገባ በኋላ፣ በመጀመሪያው ወር ነው።

አንዲት እኅት አለች እንበል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 105 ኪሎ። ክብደቷ በቁመቷ ሁለት ጊዜ ሲካፈል 41 ይመጣል፤ ለቀዶ ሕክምናው ከሚታጩት ናት። ኢስታንቡል ሄዳ ተሠራላትና በሳምንቷ ተመለሰች። አውሮፕላኑ ላይ አምስት ሰዓት ያህል ተቀመጠች። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አደረችና በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በመኪና፣ በጣርማበርና በኮምቦልቻ አድርጋ ግራና እናቷ ቤት ገባች። አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ መቀመጥ ለጤነኛ ሰው እንኳ አደጋውን በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ለእሷማ አስቡት።

ቤት ስትገባስ? «ተኚ፣ አትነሺ» ትባላለች። ጎረቤቱ አጥሚትና ገንፎ ይዞ ይመጣል፤ «በሞቴ» ይላታል። ጨጓራዋ ግን አሁን ጥቂት ጉንጭ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ገንፎው የውሃውን ቦታ ይወስድባታል። በአሥረኛው ቀን አንድ እግሯ አብጦ ባቷን ያማታል። «ብርድ ነው የመታሽ» ይሏታል፤ ወጌሻ ይጠራና በቅቤ ያሻታል። ወጌሻን አልንቅም፤ ወለምታ ላይ እጃቸው የተባረከ አሉ። ግን ያበጠን ባት ማሸት የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላል። ከዚያ በኋላ ድንገት ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት መውጋት፣ ልብ መምታት፣ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ሳል ነው። «ምን ሆና ነው? ትናንት ደኅና ነበረች» ይባላል።

ይህን የምነግራችሁ ቀዶ ሕክምናውን እንድትፈሩ አይደለም። የተሠራላት ኢስታንቡል ቢሆንም፣ አደጋው ላይ የምትወድቀው ግራና ናት። መርሳ ላይ ወይም ወልድያ ላይ ተረኛ የሆነው የእኛ ምሩቅ «በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልሽ ነበር?» ብሎ ካልጠየቃት አስም ወይም ሳንባ ምች ነው ብሎ ሊሸኛት ይችላል። አንዳንዷ ደግሞ አፍራ ሳትናገር ትቀራለች፤ «ሆዷን አስቆረጠች» መባልን ትፈራለች። ስለዚህ ጥያቄው ሰው በሌለበት ይጠየቅ፤ ፍርድም አይጨመርበት። አንድ እግር ብቻ ካበጠ አልትራሳውንድ ይታዘዝ። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነና የመድማት ምልክት ከሌለ ደሴ እስክትደርስ ሳይጠበቅ ደም ማቅጠኛ መርፌው ይጀመር።

ለሚሠራላቸውም ጥቂት ልበል። በተሠሩበት ዕለት ከአልጋ ተነሥተው ይራመዱ። ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን የሚባለው መርፌ ለወፍራም ሰው በተለመደው ልክ ላይበቃ ስለሚችል መጠኑን ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ለአንዳንዱ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀጥላል፣ ሲመለሱም መርፌውን ይዘው ይምጡ። ከተቻለ ጉዞውን ያዘግዩ፤ ካልተቻለ በየሰዓቱ መኪናውን አስቁመው ይራመዱ። ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች አንድ ወር ያህል ቀደም ብለው በሌላ መንገድ እንዲተኩት ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ውሃ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ቀኑን ሙሉ ይጠጣል። ጾምን በተመለከተ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገኔ ይጠይቀኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ለደሙም ለኩላሊቱም ጥሩ አይደለም፤ ለበሽተኛ የተፈቀደውን ከአባቶችና ከሸኾች ጠይቆ መጠቀም ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ለሐኪሞቹ ነው። ቀድሞ ዋርፋሪን ይወስድ የነበረ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በድሮው መጠን መቀጠል የለበትም። ምግቡ ሲያንስ የሚያገኘው ቫይታሚን ኬ ይቀንሳል፤ ጎመን እንኳ መብላት አይችልም። መድኃኒቱ ይበረታበትና ይደማል። ከወራት በኋላ መብላት ሲጀምር ደግሞ መጠኑ እንደገና መጨመር ሊኖርበት ይችላል። አዲሶቹ የደም ማቅጠኛ ክኒኖችም አንዳንዶቹ ጨጓራ ውስጥ ስለሚመጠጡ ከትንሽ ጨጓራ በደንብ ወደ ደም ላይገቡ ይችላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደሙ መቅጠን ቶሎ ቶሎ ይለካ፤ መለኪያው በሌለበት ደግሞ ክኒኑን ከማመን መርፌውን ማቆየት ይሻላል።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁ ደግሞ ቡናው ላይ አለሁ።