በሳፋ ውሃ ውስጥ የሚፈላ የእንቁጣጣሽ ስጦታ

(በማኅበራችን የነሐሴ ወር ስብሰባ ላይ በእጅ ሥራ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር፤ ለማስታወቂያ ሰሌዳችን እንዲስማማ አጠር ተደርጎ የተጻፈ)



እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው። ለጎረቤት፣ ለአያት፣ ለክርስትና እናት ምን ይዘን እንሂድ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ተነሥቷል። የሱቁን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ኮሚቴያችን በቤት ውስጥ በእጅ የሚሠራ፣ ወጪው ቀለል ያለ፣ ግን ለሚቀበለው ሰው ክብር የሚሰጥ አንድ ስጦታ ይዞላችሁ ቀርቧል።

ፈረንጆች «የመታጠቢያ ቦምብ» ይሉታል። ለበዓል ስጦታ ስሙ ስላልጣመን እኛ «ድቡልቡል» ብለነዋል። ደረቅ ዱቄት ተጠፍጥፎ የሚሠራ ሲሆን፣ ውሃ ውስጥ ሲጣል እየተንጣጣና እየፈላ ይሟሟል፤ ሽታው ደስ ይላል፤ ቆዳ ያለሰልሳል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሞ ኮንስታንቲን የተባሉ እንግሊዛዊት በግቢያቸው ዕቃ ቤት ውስጥ ሠርተውት ነው በዓለም የታወቀው። ሐሳቡንም ያገኙት ውሃ ውስጥ ሲገባ ከሚፈላ የመድኃኒት እንክብል ነው።

«ታዲያ መታጠቢያ ገንዳ የት አለንና ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ በኮልፌ አብዛኞቻችን የምንታጠበው በባልዲና በጣሳ ነው። ውሃውም በፈረቃ ሲመጣ ገንዳ ሙሉ ማፍሰስ ነውር ነው። ነገር ግን በየቤታችን ሳፋ አለ፤ የእግር ማጠብ ባህልም አለን። ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ወንበር ሰጥቶ፣ ለብ ያለ ውሃ አቅርቦ፣ እግሩን አጥቦ ማሳረፍ የአባቶቻችን ወግ ነው። ይህች ከተማም ብትሆን የተቆረቆረችው በፍልውሃ አካባቢ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት ቦታ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ድቡልቡላችንን ለሳፋ፣ ለእግር እንዲሆን አድርገን ሠርተነዋል።

የሚፈላውስ ለምንድነው? ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ ደረቅ እንደሆኑ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አይነካኩም። ውሃ ሲያገናኛቸው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ይለቃሉ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚንጣጣው አየር ማለት ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለሥራው ነው፤ እርጥበት ቀድሞ ከገባበት በሳፋው ውስጥ የሚፈላ ነገር አይቀርም።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው። ሁሉንም በአንድ የቡና ሲኒ ለኩ፦

ቤኪንግ ሶዳ 4 ሲኒ፣
ሲትሪክ አሲድ 2 ሲኒ፣
የበቆሎ ስታርች 1 ሲኒ፣
በደንብ የደቀቀ ደረቅ ጨው 1 ሲኒ፣
የምግብ ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ፣
ጥቂት የሕክምና አልኮል፣ በመርጪያ ጠርሙስ።

ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም፤ የምንፈልገው ሶዳውን ነው። ሲትሪክ አሲድ በሎሚ ውስጥ ያለው ኮምጣጣ ነገር ሲሆን፣ የሚሸጠው እንደ ስኳር ነጭ ሆኖ ነው። በሎሚ ጭማቂ እንተካው እንዳትሉ፤ ጭማቂ ውሃ ነውና ወዲያው ይፈላል። ዕቃውን አራት አምስት ቤት ሆኖ በጋራ ቢገዛ ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው?

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጃችሁን በጓንት፣ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ የአሲዱ ብናኝ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። መጀመሪያ ሶዳውን፣ ስታርቹንና ጨውን በወንፊት ንፉና አዋህዱ። ቀጥሎ ዘይቱን ጠብ እያደረጋችሁ በእጅ እሹት። አሲዱን በመጨረሻ ጨምሩ። ከዚያ አልኮሉን በጣም በትንሹ እየረጫችሁ አገላብጡ። በዚህ ጊዜ ምድጃም ሻማም ሲጋራም አጠገብ አይኑር፤ አልኮል እሳት ይስባል። መድረሱን የምታውቁት እፍኝ አንሥታችሁ ስትጨብጡት እንደ በሶ ጭብጦ ሲይዝላችሁ ነው። የሚፈርስ ከሆነ ትንሽ ርጩ፤ «ፍሽ» ማለት ከጀመረ ግን አቁሙ፤ በዝቷል።

ለቅርጹ የቡና ሲኒ ይበቃል። ውስጡን በስስ ላስቲክ ሸፍኑ፤ ዱቄቱን ጠቅጥቃችሁ ሙሉና በትሪ ላይ ገልብጡት። ከዚህ ልክ 6 ያህል ይወጣል። እንዲደርቅ ሁለት ቀን ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ክረምቱ ነው። ስጦታው የሚሰጠው በመስከረም 1 ቢሆንም የሚሠራው ግን በነሐሴና በጳጉሜን እርጥበት ነው። ስለዚህ ዝናብ በማይጥልበት ሰዓት ሥሩ፤ ልብስ በተሰጣበት ክፍል ወይም ወጥ በሚንተከተክበት ቤት አታድርቁት። እንጀራ ተጋግሮ እሳቱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ለብ ያለው ምጣድ አካባቢ ጥሩ ማድረቂያ ነው። እንደ ደረቀ አንድ በአንድ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት። ጳጉሜን 1 ቀን ቢሠራ ለበዓሉ በደንብ ይደርሳል። አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩና በዋዜማው ሞክሩት፤ እሱ ከፈላ የሰጣችሁትም ይፈላል።

ለሽታው በደንብ የደረቀ ጠጅ ሳር ወይም የጽጌረዳ ቅጠል ደቆ ይጨመር። እርጥብ ነገር አይግባ። ጤና አዳም ለቡናችን ይቆየን፤ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። እንዶድ እንጨምር ወይ ተብለን ተጠይቀናል። እንዶድ የታወቀ የልብስ ሳሙናችን ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አይተው ለዓለም አስታውቀዋል። ነገር ግን ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ይቆጠቁጣል፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባም ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዕርድም ይቅር፤ ሳፋውንም እግሩንም ቢጫ ያደርጋል።

አጠቃቀሙን በወረቀት ጽፋችሁ ከስጦታው ጋር እሰሩ። 5 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ድቡልቡል፣ ሩብ ሰዓት። የውሃው ሙቀት በክርን ይለካ። ሲያበቃ እግሩ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅና በፎጣ ይድረቅ፤ በተለይ በጣቶቹ መካከል። ዘይት ስላለበት ወለሉም ይወልወል፤ ሽማግሌ አንሸራትቶ የሚጥል ስጦታ ስጦታ አይደለም። «አይበላም» የሚል ቃል በትልቁ ይጻፍ፤ ሕፃናት ከረሜላ ይመስላቸዋል።

ከሁሉም በላይ አደራ የምንለው ይህን ነው። ቁስል ያለበት እግር እዚህ ውሃ ውስጥ አይግባ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን ለረጅም ጊዜ እንዳይዘፈዝፍ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ስሜቱ ደንዝዞ እንደሆነ የውሃውን ትኩሳት ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። በክፍለ ከተማችን የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ሲሰጥ የኖረ ነው፤ በዘነበወርቅ አካባቢ ለሕክምና መጥተው ጎረቤቶቻችን ሆነው የቀሩ አረጋውያን አሉን። ከነሱ መካከል እግራቸው ስሜት የሌለው አለ። እንግዲህ ስጦታው ይገባቸዋል ከምንላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ድቡልቡሉን ሊጠቀሙበት አይችሉም ማለት ነው።

ታዲያ እንለፋቸው? አይሆንም! ለነሱ ቫዝሊንና ንጹሕ ፎጣ ይዘን እንሂድ። የሚስማማቸውን የጤና ባለሙያቸውን ይጠይቁልን፤ የተፈቀደላቸውን ውሃ እኛ እንቅዳ፣ ሙቀቱን እኛ እንለካ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ዓይን ለሌላቸው ውስጥ እግራቸውን እኛ እንይላቸው። የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢወጋውም አይናገርምና፣ ጎረቤት ያየው ትንሽ ቁስል ትልቅ ጉዳት ያስቀራል።

ድቡልቡሉን ለምንሰጣቸውም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። በራፍ ላይ አቀብሎ መመለስ ቀላል ነው። ነገር ግን ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ሳፋ ሙሉ ውሃ ማን ያነሣላቸዋል? ስለዚህ ወጣቶች፣ ከእያንዳንዱ ስጦታ ጋር አንድ ጄሪካን ውሃና ሩብ ሰዓት ጨዋታ ይዛችሁ ግቡ። ለመሥራት የምትፈልጉ ስማችሁን ለኮሚቴው አስመዝግቡ፤ ሲኒና ወንፊት ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንልን!

የእጅ ሥራ ኮሚቴው