አራት ልጅ፣ አራቱም ሴት፦ በሂሳብ ሲታይ

ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁ አሁን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልሰማችሁትም አንብቡት። እርሳስና ወረቀት ያዙ፤ የምንጽፈው ነገር አለ።

አንዲት እናት አራት ልጆች ወለደች እንበል። አራቱም ሴቶች ናቸው። ዘመድ ያማታል። «የእሷ ማሕፀን ወንድ አያውቅም» ይላል። ባልዬውም ሌላ ሚስት ላግባ ብሎ ይነሣል። ጎረቤት ደግሞ «አይዞሽ፣ አሁንስ ተራው የወንድ ነው» ትላታለች። ሐሜቱም ማጽናኛውም ከሂሳብ ጋር አይስማሙም። ለምን? እስቲ እንየው።

ዘውድና ጎፈር የሚባለውን የሳንቲም ጨዋታ ታውቁታላችሁ። ሳንቲም ሲወረወር ከሁለቱ ፊት አንዱ ይወጣል፤ ሦስተኛ የለም። አራት ጊዜ እንወረውራለን ብላችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። በእያንዳንዱ ውርወራ ዕድሉ ያው ነው። ሳንቲሙም ያለፈውን አያስታውስም። እነዚህ ነገሮች ሁሉ ሲሟሉ፣ የሂሳብ ሊቃውንት ባይኖሚያል ሙከራ ይሉታል። ስሙ አያስፈራችሁ። ስለዚህ ሂሳብ የጻፈው ያቆብ በርኑሊ የሚባል የስዊዝ ሰው ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1713 ነው።

ልጅ መውለድም እንደዚሁ ነው። ወንድ ወይም ሴት ይወለዳል። በዓለም ላይ 100 ሴቶች ሲወለዱ ወንዶቹ ወደ 105 ይሆናሉ፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ለዛሬ ግማሽ በግማሽ እንበለው። ወንድ እስኪመጣ እንወልዳለን የሚሉ ባልና ሚስት ግን ቁጥሩን አስቀድመው አልወሰኑም፤ የእነሱ ሂሳብ ሌላ ነው። ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮችም ከዚህ ይወጣሉ። አንዷ ሴት ከሆነች ሌላዋም ሴት ናትና።

አሁን ጻፉ። ለወንድ «ወ»፣ ለሴት «ሴ» እንበል። አንድ ልጅ ሲወለድ መንገዱ 2 ነው። ሁለት ሲሆኑ 4፣ ሦስት ሲሆኑ 8፣ አራት ሲሆኑ 16 መንገድ ይሆናል። ከ16ቱ «ሴሴሴሴ» የሚለው አንድ ብቻ ነው። በእንጀራ ብታስቡትም ያው ነው። እንጀራውን ለሁለት ቁረጡት፤ ግማሹን እንደገና ለሁለት። እንዲህ እያላችሁ አራት ጊዜ ብትቆርጡ የሚቀረው ከ16 አንድ እጅ ነው።

ሁለት ወንድና ሁለት ሴትስ? ወወሴሴ፣ ወሴወሴ፣ ወሴሴወ፣ ሴወወሴ፣ ሴወሴወ፣ ሴሴወወ። ቁጠሩት፤ 6 ነው። አንድ ሴትና ሦስት ወንድ በ4 መንገድ ይመጣል፤ አንድ ወንድና ሦስት ሴትም በ4። አራቱም ወንድ በ1፣ አራቱም ሴት በ1። ደምሩት፤ 16 ይሞላል።

እንግዲህ አራት አራት ልጅ ያላቸው 160 ቤቶች ቢኖሩ፣ ወደ አሥሩ ቤት ሴት ብቻ ይኖራል። ልክ አሥር ላይሆን ይችላል፤ ከዚያ ግን ብዙ አይርቅም። ታዲያ አሥሩም እናቶች ምን አጠፉ? ምንም! በሂሳቡ መሠረት እንዲህ ያለ ቤት መኖሩ አይቀርም።

ጥፋተኛ ካልፈለግን የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የአባት ዘር ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሴት ያስወልዳል፣ ሌላው ወንድ። ጾታው የሚለየው ከአባት በሚመጣው ዘር ነው። አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥም፤ ስለዚህ እሱንም አንወቅሰውም። ሚስቱን መውቀሱ ግን ነገሩን መገልበጥ ነው።

ጎረቤቷስ? «ተራው የወንድ ነው» ማለቷ ከደግነት ነው። ግን አራቱ ልጆች ተወልደዋል፤ ያለፈው አልፏል። አምስተኛው ልጅ ወንድ የመሆን ዕድሉ አሁንም ግማሽ ነው። ተራ የሚባል ነገር የለም። ይህን አምና አምስተኛ፣ ስድስተኛ የምታረግዝ እናት ጉልበቷንና ጤናዋን በሌለ ተራ ላይ ታውላለች።

አሁን እናንተ ሥሩ። አምስት ልጅ ቢወለድ መንገዱ ስንት ነው? ሦስት ሴትና ሁለት ወንድ የሚሆነውስ በስንት መንገድ ነው? በ«ወ» እና በ«ሴ» ጻፉትና ቁጠሩ። መጀመሪያ ሳትሠሩ ይህን አታንብቡ፤ መንገዱ 32 ነው፣ ሦስት ሴትና ሁለት ወንድ ደግሞ 10።