ከአፍ ወደ አሻራ፦ የወንጀል ምርመራ ሳይንስን በምዕራብ ሸዋ ስለ ማስተማር
(በአምቦ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተጋባዥ እንግዶች የተሰጠ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የፎረንሲክ ሳይንስ መግቢያ ለሕግ ተማሪዎች ይሰጥ የሚለው ሐሳብ በመምህራን መካከል ክርክር ማስነሣቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንድ የማከብረው ባልደረባዬ «የዘረ መል መመርመሪያ በሌለበት ፎረንሲክ ማስተማር ወንዝ በሌለበት ዋና ማስተማር ነው» ብሎኛል። ንግግሩ ያምራል፤ ሆኖም አልቀበለውም። ፎረንሲክ የሚጀምረው ከመሣሪያው አይደለምና። የሚጀምረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ሥፍራ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ምን እንደ ነካ፣ ምን እንዳልነካና ምን እንደ ጻፈ ነው። ይህን ማስተማር የሚጠይቀው ወረቀት፣ እርሳስ፣ የመለኪያ ሜትርና ትዕግሥት ነው።

ወደ ፊት ከመሄዴ በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። አባቶቻችን ወንጀለኛን በምን ያውቁት ነበር? በአፈርሳታ ጊዜ፣ በአንዳንድ ቦታ አውጫጭኝ በሚባለው፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራው እንዳይመለስ ይደረጋል፤ ካልታወቀም ነዋሪው ተባብሮ ካሣ እስከ መክፈል ይደርሳል። ሌባ ሻይ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ላይ «ሻይ» የምንጠጣው እንዳይመስላችሁ፤ «ሻ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ ፈላጊ ማለት ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መጠጥ ይጠጣል፤ ጢስም ይስባል፤ ራሱን ስቶ በየቤቱ እየዞረ ያሸታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነህ ተብሎ ይያዛል። በዚህ በእኛ አካባቢ በኦሮሞ ሥርዓት ያለው ጉማ ከሁለቱም ይለያል። ዓላማው ደም ማድረቅና ወገንን ከወገን ማስታረቅ ነው፤ መነሻውም የገዳዩ ወገን ድርጊቱን አምኖ በሽማግሌ ፊት መቅረቡ ነው።

እነዚህን ለማናናቅ አላነሣኋቸውም። ጉማ እስከ ዛሬ የብዙ ቀበሌዎችን ሰላም የጠበቀ ሥርዓት ነው፤ የትኛውም ላቦራቶሪ ዕርቅ አያወርድም። ነገር ግን አፈርሳታና ጉማ ቃል ይጠብቃሉ፤ የጎረቤት ጥቆማ ወይም የአድራጊውን እምነት። ሌባ ሻይም የሚመረምረው የሰከረ ልጅን እግር እንጂ የተሰበረውን በር አይደለም። የተሰበረውን በር፣ ደም የነካውን ገጀራ፣ በጭቃ ላይ የቀረውን ኮቴ የጠየቃቸው አልነበረም።

የጽሑፍ ሕጋችን ይህን መንገድ ለመቀየር ከሞከረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪው ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 31 በማባበል ወይም በማስፈራራት ቃል መቀበልን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 34 ለምርመራ አስፈላጊ ሲሆን የደም ምርመራን ጨምሮ የአካል ምርመራ በሐኪም እንዲደረግ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 36 መርማሪው የየዕለት ሥራውን በመዝገብ እንዲያሰፍር ያዝዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ያጸናል። ተማሪዎቻችን እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። የማያውቁት ከተጠርጣሪው ቃል ሌላ ምን ሊፈለግ እንደሚችል ነው። መርማሪን «አታስገድድ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ በምትኩ የሚሠራበትን ዘዴ ማሳየት ያስፈልጋል። ዘዴ የሌለው መርማሪ ወደሚያውቀው ይመለሳል፤ የሚያውቀውም የሰውን አፍ ነው።

አንድ የታወቀ ጉዳይ ላቅርብ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 በአርጀንቲና፣ ኔኮቼያ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ሁለት ሕፃናት ተገደሉ። እናታቸው ፍራንሲስካ ሮሐስ ጎረቤቷን ከሰሰች። ጎረቤቱ ተይዞ ተደበደበ፤ ሆኖም አላመነም። በኋላ ኤድዋርዶ አልቫሬስ የሚባል መርማሪ ወደ ቤቱ ሄዶ በበሩ ላይ በደም የተነካ የአውራ ጣት አሻራ አየ፤ እንጨቱን በመጋዝ አስቆርጦ ወሰደው። የአሻራ አመዳደብን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ከሆነው ከኹዋን ቩሴቲች በተማረው መሠረት ሲያስተያየው የእናቲቱ ሆኖ ተገኘ፤ እርሷም አመነች። በዱላ የተጠየቀው ሰው ንጹሕ ነበር። በጊዜው ለዚህ የተዘጋጀ ታላቅ ላቦራቶሪ አልነበረም፤ የነበረው ሂዶ ያየ ሰውና አንድ መጋዝ ነው።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ አርጀንቲናውያን ወደ እኛ መጡ። በሀገራቸው የወታደር መንግሥት ዘመን የጠፉ ሰዎችን አፅም ከመቃብር በማውጣት የተማረው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር፣ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጋር ሠርቷል። ኮተቤ በነበረ የጅምላ መቃብር የተገኙት አፅሞች በአንገታቸው ላይ የናይለን ገመድ እንደ ነበረ ነበር። ምስክሩ ሞቷል፤ ገዳዩ ይክዳል፤ ገመዱ ግን አልበሰበሰም። ከዚህም ጋር የደርግ ጽሕፈት ቤቶች ራሳቸው ያስቀመጧቸው ፊርማ ያለባቸው ወረቀቶች ነበሩ። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ሲሰጥ ከምስክር ቃል ጎን አጥንትና ወረቀትም ቀርበው ነበር። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያላያችሁ ተማሪዎች ሂዱና እዩት፤ ስታዩም የአፅሙን ብዛት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ዕቃ በምን ጥንቃቄ ተለይቶ እንደ ተያዘ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ሀገረ ሕይወት ልመለስ። ከጊንጪ እስከ ባኮ፣ ከጀልዱ እስከ ጉደር ባለው አካባቢ አንድ ሰው በድንገት ሲሞት ምን ይሆናል? መጀመሪያ የሚደርሰው ፖሊስ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ጎረቤትም የሚያደርገው በባህላችን የሚያስመሰግነውን ነው፦ ሟችን ያቃናል፣ ዓይኑን ይከድናል፣ ያጥባል፣ ይገንዛል፣ ደም ያለበትን መሬት በአመድ ይሸፍናል፣ ለለቀስተኛ ግቢውን ይጠርጋል። ይህ ሁሉ የፍቅር ሥራ ነው፤ ከምርመራ አንጻር ግን እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ማስረጃ ያጠፋል። ቀብር ደግሞ አይዘገይም። ለረጅም ዘመን ሕግ ነክ የአስከሬን ምርመራ በዋናነት የሚደረገው በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በኋላም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ስለ ነበር፣ ሟችን ለማስመርመር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መመለስን ያልወደደ ቤተሰብ ዝም ብሎ ይቀብራል። ከወራት በኋላ ጥርጣሬ ሲነሣ ጥያቄው «ምን አያችሁ?» ሳይሆን «ምን ትዝ ይላችኋል?» ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር፤ ለዚህ አካባቢ ከሁሉም የሚቀርብ ስለ ሆነ። የፀረ ተባይ ኬሚካል በየገበሬው ቤት አለ። በእርሱ የተነሣ የሚደርስ ሞት አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ራስን ማጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ግድያም ሊሆን ይችላል። ሦስቱን የሚለየው ብዙ ጊዜ የሐኪሙ ጥበብ ሳይሆን ጠርሙሱ ነው፦ የት እንደ ነበረ፣ ክዳኑ መከፈቱ፣ ማን እንደ ነካው፣ በአጠገቡ ብርጭቆ ነበረ ወይ። ቤተሰቡ ግን ኀፍረትን ወይም ልጆችን ፈርቶ ጠርሙሱን ወደ ወንዝ ይጥለዋል። ጠርሙሱ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው ወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ ምራትን ወይም የእንጀራ እናትን ይመርጣል። ንጹሕ ሰው በዚህ መንገድ ይታሰራል። ጥፋተኛም በዚያው መንገድ ያመልጣል።

ስለዚህ ከእኛ ክፍል የሚወጣ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ በመጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው ይህን የመጀመሪያ ሰዓት ነው። በክፍሌ አንድ ልምምድ አለኝ። የታሸገ ፖስታ ለአንድ ተማሪ እሰጣለሁ፤ ፖስታው ለአንድ ሳምንት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ተቀባዩ ሁሉ ከማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ሁኔታ እንደ ተቀበለ መጻፍ አለበት። በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ረቡዕ ሌሊት ፖስታው የት አደረ? ብዙ ጊዜ መልስ የለም። አንዱ መኝታ ቤት ውስጥ ትራሱ ሥር፣ ሌላው ካፍቴሪያ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ኖሯል። ከዚያ በኋላ በፖሊስ ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ያለ ስም ያልተጻፈበት ኤግዚቢት ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዓለም በሙሉ የሚያደንቀው የዘረ መል ምርመራ እንኳ ረቡዕ ሌሊት የት እንዳደረ ለማይታወቅ ናሙና ምንም አያደርግም።

ሌላው ብዙ የማይወራበት ነገር ቋንቋ ነው። በዚህ ዞን የምስክር ቃል የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የሐኪሙ ማስረጃ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ከፌዴራል ተቋም የሚመጣው ደብዳቤ በአማርኛ ይሆናል። በአንድ መዝገብ ሦስት ቋንቋ ማለት ነው። «መቦጨር» እና «መቆረጥ» በሐኪም ዘንድ የተለያዩ ቁስሎች ናቸው፤ አንዱ ከድንጋይ ወይም ከመሬት ጋር ከመፋተግ፣ ሌላው ከስለት ይመጣል። ትርጉሙ ሁለቱን ካምታታ ክሱም ተምታታ። የቋንቋ መምህራን ሆይ፣ ይህ ሥራ እናንተንም ይጠብቃል።

ከዚህ በኋላ የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል። ሳይንስ የሚል ስም ያለው ወረቀት ሁሉ እውነት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አንድ አሻራ ብራንደን ሜይፊልድ የተባለ የኦሪገን ጠበቃ ነው ብሎ አሰረው። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አረጋገጠ፤ ሜይፊልድም ሁለት ሳምንት ያህል ከታሰረ በኋላ ተለቀቀ። ያን ያህል መሣሪያና ባለሙያ ባለበት ይህ ከሆነ፣ የእኛ ፍርድ ቤቶች አንድ ገጽ የልዩ ዐዋቂ ማስረጃ ሲቀርብላቸው «በምን ዘዴ? ማን አረጋገጠው? የስሕተቱ መጠን ስንት ነው?» ብለው እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳይመረምር የሚቀበል ዳኛ ልጁ የወደቀበትን ቤት ከሚቀበለው የሌባ ሻይ ተመልካች በብዙ አይርቅም። የሕግ ተማሪ ፎረንሲክ ይማር የምልበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ መርማሪ እንዲሆን ሳይሆን መርማሪውን እንዲጠይቅ።

ባልደረባዬ ወንዝ የለም ላለው አሁን መልስ አለኝ። ወንዙ በከፊል እዚሁ አለ። አምቦ ለረጅም ጊዜ በእፅዋት ጥበቃ ምርምር የታወቀች ከተማ ናት፤ ነፍሳትን በዕድገት ደረጃቸው ለይተው የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉን። በአስከሬን ላይ የሚገኝ የዝንብ ትል ዕድሜ ሟቹ ከሞተ ስንት ቀን እንደ ሆነው ለመገመት ይረዳል፤ ሆኖም ዝንቡ በዚህ ከፍታና በዚህ ብርድ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እዚሁ ካልተለካ የሌላ ሀገር ሠንጠረዥ ያሳስተናል። የአፈር መምህራን የጊንጪን ጥቁር አፈር ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ጥቁር አፈር በክረምት ኮቴን እንደ ሰም ይይዛል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ያጠፋዋል። የኬሚስትሪ ክፍል የፀረ ተባይ ቅሪትን ይለያል። በጉደር አቅጣጫ ሰንቀሌ የፖሊስ ማሠልጠኛ አለ። እነዚህ ሁሉ እስካሁን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጡም።

ያቀረብሁት ሐሳብ ትንሽ ነው፦ ለሕግ፣ ለጤናና ለግብርና ተማሪዎች በጋራ የሚሰጥ የአንድ መንፈቅ ዓመት ኮርስ፤ ግማሹ ከክፍል ውጭ። የመጀመሪያው ልምምድ የክረምቱ ዝናብ ከመጠናከሩ በፊት በጥቁር አፈር ላይ ይሆናል፦ ኮቴ መለካት፣ በጂፕሰም መቅረጽ፣ ሥዕል መንደፍና በሦስቱም ቋንቋ መመዝገብ። ሜትርና ደብተር የየራሳችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ጂፕሰሙን እኛ እናቀርባለን። ስማቸውን ማስመዝገብ የሚሹ ከገለጻው በኋላ እዚሁ ያገኙኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ በቅድሚያ ለባልደረባዬ ዕድሉን እሰጣለሁ፤ እጁን ካነሣ ቆይቷል።